የተጣመመ ጀርባ ሁሉ አንድ አይደለም፦ የወጣቶች ስኮሊዮሲስ እና የአከርካሪ አጥንት ቅርጽ

ግንቦት ተገባዶ ሰኔ ሲገባ፣ ማለትም በፈረንጆቹ ጁን ወር፣ በብዙ አገሮች ስለ ስኮሊዮሲስ (ጀርባ ወደ ጎን ስለ መጣመሙ) የግንዛቤ ዘመቻ ይካሄዳል። በዚያ ሰሞን ማኅበራዊ ሚዲያው በራጅ ምስሎች ይሞላል። ከምስሉ ጋር ምክሩም አብሮ ይመጣል። አንዱ ልጅቷን የትምህርት ቤት ቦርሳ ስለከበዳት ነው ይላል። ሌላው ጥፋቱን አጎንብሶ ስልክ በማየት ላይ ያደርጋል። በዚህ ስፖርት ቀጥ ብያለሁ የሚልም አይጠፋም። ከሥር ደግሞ ሴት ልጁ ከተወለደች ጀምሮ ጀርባዋ የተጣመመባት ወላጅ፣ ለእሷም ይሠራ እንደሆነ ይጠይቃል። መልስ የሚሰጠው ሰው ብዙ ነው። የልጅቷ ስኮሊዮሲስ የትኛው ዓይነት እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ግራ መጋባቱ የሚነሳው ከዚህ ነው። ስኮሊዮሲስ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። በራጅ ላይ የሚታይ የጀርባ ጥመት ስም ነው። ከዚያ ጥመት ጀርባ ያለው ምክንያት ከልጅ ልጅ ይለያያል። ልዩነቱን ፍንትው አድርጎ የሚያሳየው ደግሞ የእያንዳንዱ አከርካሪ አጥንት ቅርጽ ነው። በአንዳንዱ ልጅ አጥንቱ ከመጀመሪያው ተበላሽቶ ተፈጥሮ ጀርባውን ያጣምመዋል። በሌላው መጀመሪያ ጀርባው ይጣመምና አጥንቱ በኋላ ቅርጹን ይለውጣል። ይህ ቅደም ተከተል የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ልጁ ምን ምርመራ እንደሚያስፈልገው፣ ብሬስ የተባለው የጀርባ መደገፊያ ልባስ ይጠቅመው እንደሆነና ምን ያህል ጊዜ እንዳለው የሚወስነው እሱ ነው።

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮሊዮሲስ የሚባለው መቼ ነው?

ጀርባ ከጎን ሲታይ ኩርባ አለው። አንገትና ወገብ ላይ ወደ ፊት፣ ደረት ላይ ወደ ኋላ ይወጣል። ይህ ጤናማ ነው። ከኋላ ሲታይ ግን ቀጥ ማለት አለበት። ወደ ጎን ከተጣመመና ጥመቱ በራጅ ሲለካ 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኮሊዮሲስ ይባላል። ልኬቱ የኮብ አንግል ይባላል። አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ጆን ኮብ በ1948 ያስተዋወቀው ዘዴ ነው። በኩርባው ላይኛ ጫፍ እና ታችኛ ጫፍ ያሉት አከርካሪዎች ምን ያህል እንዳዘነበሉ ይለካል።

ይህ ቁጥር ጠቃሚ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ይደብቃል። የሁለት ልጆች ኩርባ እኩል 40 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። የአንደኛው ኩርባ አራት አጥንት ላይ ብቻ የታጠፈ፣ የሌላኛው ከደረት እስከ ዳሌ የተለጠጠ ሊሆን ይችላል። ከዚህም ሌላ ጀርባ ወደ ጎን ሲታጠፍ አከርካሪዎቹ በራሳቸው ዙሪያ ይጠመዘዛሉ። አከርካሪው ሲጠመዘዝ የጎን አጥንቶችንም ይዞ ይዞራል። ልጅቷ ጎንበስ ስትል በአንድ ወገን ጉብ ብሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ራጅ ጠፍጣፋ ምስል ስለሆነ ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር አይናገርም።

ስለ ጤናማው አከርካሪም ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ከአንገት እስከ ወገብ 24 አከርካሪዎች አሉ። እያንዳንዱ ከፊት ክብደት የሚሸከም ድፍን አጥንት አለው። ከኋላ ደግሞ ህብለ ሰረሰር (ከአንጎል የሚወርደው የነርቭ ገመድ) የሚያልፍበት ቀለበት አለ። ሁለቱን የሚያገናኙት ግራና ቀኝ ያሉ አጫጭር የአጥንት ድልድዮች ፔዲክል ይባላሉ። በአከርካሪና በአከርካሪ መካከል ለስላሳው ዲስክ ይቀመጣል። ድፍኑ አጥንት ቁመት የሚጨምረው ከላይና ከታች ባለው ልም አጥንት በኩል ነው። ታሪኩ በሙሉ የሚያጠነጥነው በዚህ ልም አጥንት ላይ ነው።

አጥንቱ ቀድሞ ሲበላሽ

አብሮ የሚወለደው ዓይነት ኮንጀኒታል ስኮሊዮሲስ ይባላል። የአከርካሪዎቹ መሠረት የሚጣለው በእርግዝና የመጀመሪያ ሳምንታት፣ በተለይ ከ4ኛው እስከ 6ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙ እናቶች በዚያን ጊዜ ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ስለዚህ እናትየዋን ከባድ ነገር ተሸክመሽ ነው፣ ወድቀሽ ነው እያሉ መውቀስ መሠረት የሌለው ነው። ጉዳት ብቻ ነው የሚያተርፈው። የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት ከ1,000 ልጆች በግምት በአንዱ ላይ ይታያል። በአንዳንዶቹ የዘር ምክንያት ተገኝቷል፤ ቲቢኤክስ6 የተባለው ዘረመል ከሚታወቁት አንዱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ያልተቆጣጠሩት የስኳር በሽታም ከአጋላጭ ነገሮች ይቆጠራል። በብዙዎቹ ግን ምክንያቱ ተለይቶ አይታወቅም።

ጉድለቱ በሁለት መንገድ ይከሰታል። አንደኛው አጥንቱ ሙሉ ሆኖ አለመፈጠሩ ነው። ከእነዚህ በጣም የሚታወቀው ሄሚቨርቴብራ ነው። ከአከርካሪው ግማሹ ብቻ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጎን ያለው ክፍል፣ ይፈጠራል። ሌላው ጎን ባዶ ነው። ከላይ ያለው አጥንት ወደ ባዶው ጎን ያዘነብላል። ሁለተኛው መንገድ አጥንቶቹ ተለያይተው አለመፈጠራቸው ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ አከርካሪዎች ዲስክ ሳይኖራቸው ይጣበቃሉ። ሙሉ ለሙሉ ከተጣበቁ ጀርባው አጠር ይላል እንጂ ብዙም ላይጣመም ይችላል። በአንድ ጎን ብቻ ከተጣበቁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተጣበቀው ጎን አያድግም፤ ነፃው ጎን ማደጉን ይቀጥላል። ልጁ ባደገ ቁጥር ኩርባው ይብሳል።

ከሁሉም የሚከፋው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። በአንዱ ጎን የተጣበቀ አጥንት፣ በተቃራኒው ጎን ደግሞ ሄሚቨርቴብራ ሲኖር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ኩርባ በዓመት ከ5 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። እዚህ ላይ "ትንሽ ይደግና እናያለን" ማለት አደገኛ ነው።

ሄሚቨርቴብራ ሁሉም እኩል እንዳልሆነም ማስተዋል ያስፈልጋል። ዋናው ጥያቄ ከላዩና ከታቹ ዲስክ አለው ወይ የሚለው ነው። በሁለቱም በኩል ዲስክ ካለው፣ ልም አጥንቱም አለ ማለት ነው፤ ስለዚህ ያድጋል፣ ይገፋል። ከጎረቤቶቹ ጋር የተጣበቀ ከሆነ የሚያድግበት ስለሌለው ብዙ ላይገፋ ይችላል። ሐኪሙ ሲቲ ስካን የሚያዝዘው አንዳንዴ ይህን ለማየት ነው። የአጥንቱ ቅርጽ የወደፊቱን ይናገራል የሚባለው በዚህ ዓይነት ላይ ቃል በቃል እውነት ነው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አከርካሪ በሚፈጠርበት በዚያው ሰሞን ልብ፣ ኩላሊትና ህብለ ሰረሰርም እየተፈጠሩ ነው። ስለዚህ አንዱ ሲሳሳት ሌላውም አብሮ ሊሳሳት ይችላል። አብሮ የተወለደ ስኮሊዮሲስ ያለበት ልጅ የልብና የኩላሊት አልትራሳውንድ፣ እንዲሁም የህብለ ሰረሰር ኤምአርአይ የሚታዘዝለት ለዚህ ነው። ወላጆች ለጀርባ መጥተን ለምን ኩላሊት ይታያል ብለው ቅር ሊላቸው ይችላል። ምርመራው ግን ከጀርባው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

ኩርባው ቀድሞ ሲመጣ

ከስኮሊዮሲስ ውስጥ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ኢዲዮፓቲክ ይባላል። ምክንያቱ በውል ያልተለየ ማለት ነው። በብዛት የሚታየው ከ10 ዓመት በኋላ፣ ልጆች በፍጥነት ቁመት በሚጨምሩበት የጉርምስና ወቅት ነው። ከታዳጊዎች ከ2 እስከ 3 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይገኛል። አብዛኛው ቀላል ነው። ትንንሽ ኩርባዎች በወንዶችም በሴቶችም ተቀራራቢ ናቸው። ከ30 ዲግሪ በላይ ወደሆኑት ስንመጣ ግን ሴቶቹ ወንዶቹን በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

የእነዚህ ልጆች አከርካሪ ሲወለዱ ደህና ነበር። ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ የጎደለ ወይም የተጣበቀ የለም። ኩርባው ከፍ ካለ በኋላ በሲቲ ስካን ሲታይ ግን በኩርባው መሐል ላይ ያሉት አጥንቶች ደህና አይደሉም። ሽብልቅ ይሆናሉ፤ በውስጠኛው ጎን አጥረው፣ በውጭኛው ጎን ረዝመው። በውስጠኛው ጎን ያለው ፔዲክልም ይቀጥናል። አጥንቱ ራሱ በውስጡ ይጠመዘዛል። ህብለ ሰረሰሩም ወደ ውስጠኛው ጎን ተጠግቶ ያልፋል።

ደህና የነበረ አጥንት እንዴት ሽብልቅ ይሆናል? እዚህ ላይ ሁተር እና ፎልክማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሐኪሞች በ1862 የገለጹት መርህ ይመጣል። በማደግ ላይ ያለ ልም አጥንት ጫና ሲበዛበት እድገቱ ይዘገያል። ጫናው ሲቀልለት ይፈጥናል። ጀርባ ወደ ጎን ከታጠፈ ክብደቱ በውስጠኛው ጎን ላይ ይበዛል። ያ ጎን እድገቱ ይዘገያል። ውጭኛው ጎን ያድጋል። አጥንቱ ሽብልቅ ይሆናል። ሽብልቅነቱ ደግሞ ኩርባውን ይጨምራል፤ ኩርባው ሲጨምር ጫናው ይበልጥ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ራሱን በራሱ የሚያባብስ ዑደት ነው። ልጁ ሲያድግ ዑደቱ ይፈጥናል፤ እድገት ሲያበቃ ይቀዘቅዛል።

ይህን ከተረዳን ሐኪሙ ለምን የወር አበባ መቼ እንደጀመራት፣ ቁመቷ በቅርቡ ስንት እንደጨመረ እንደሚጠይቅ ይገባናል። ሪሰር የተባለው ምልክትም የዚሁ አካል ነው። በዳሌ አጥንት ጫፍ ላይ ያለው ልም አጥንት ምን ያህል ወደ አጥንትነት እንደተለወጠ ከ0 እስከ 5 ይመዘናል። 0 ከሆነ ገና ብዙ እድገት ይቀራል፤ አደጋውም ትልቅ ነው። 5 ከሆነ እድገቱ አልቋል። የ12 ዓመት ልጅ 25 ዲግሪ እና የ17 ዓመት ልጅ 25 ዲግሪ እንዳይነጻጸሩ የሚያደርገው ይህ ነው።

ከአጥንቱ በፊት ዲስኩ መለወጡም መታወቅ አለበት። ልጆችን በተከታታይ ራጅ የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ በፈጣኑ የእድገት ወቅት መጀመሪያ ሽብልቅ የሚሆነው ዲስኩ እንደሆነ፣ አጥንቱ እንደሚከተል ተመልክተዋል። ዲስክ ለስላሳ ነው፤ ሊመለስ ይችላል። ሽብልቅ ሆኖ ያደገ አጥንት ግን እድገቱ ካበቃ በኋላ በልምምድ አይመለስም። ቀድሞ ማግኘት የሚጠቅመውም ለዚሁ ነው።

ጡንቻና ነርቭ ሲደክሙ

ሦስተኛው ትልቅ ቡድን ኒውሮመስኩላር ይባላል። ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር)፣ ስፓይና ቢፊዳ (የህብለ ሰረሰር መሸፈኛ በጽንስ ጊዜ በደንብ ሳይዘጋ የሚቀርበት ጉድለት)፣ ዱሼን የተባለው የጡንቻ መመንመን፣ በቀድሞው ዘመን ደግሞ ፖሊዮ ዋና ዋና መነሻዎቹ ናቸው። እዚህ ላይ ችግሩ የሚጀምረው አጥንቱን ቀጥ አድርገው የሚይዙት ጡንቻዎች ሲደክሙ ወይም ሚዛናቸው ሲዛባ ነው።

ኩርባው ብዙውን ጊዜ ረጅም ነው። ከደረት ጀምሮ እስከ ዳሌ ይወርዳል፤ ዳሌውንም ያዘነብለዋል። ዳሌ ሲያዘነብል ልጁ በአንድ ጎን ብቻ ይቀመጣል፤ ቁስል ይመጣል፤ እጁን መደገፊያ ስለሚያደርገው ለሌላ ሥራ ማዋል አይችልም። የነጠላው አጥንት ሽብልቅነት ከኢዲዮፓቲኩ ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለው፤ የጫናው መርህ እዚህም ይሠራልና። የተለየ ነገርም አለ። ቆመው በማያውቁ ልጆች ላይ አከርካሪው ቁመቱ ረዝሞ ወርዱ ይጠባል። በ1965 የወጣ የራጅ ጥናት ይህን አሳይቷል። አጥንት ተለምዷዊውን ክብደት ካልተሸከመ ሌላ ቅርጽ ይይዛል ማለት ነው። አጥንቱ በብዛት የሳሳም ነው። ስለዚህ ቀዶ ጥገና ሲደረግ አከርካሪው ውስጥ የሚገባውን ብሎን አጥብቆ ላይዝ ይችላል።

በኢትዮጵያ የስፓይና ቢፊዳ ጉዳይ በቀጥታ የሚመለከተን ነው። ስፓይና ቢፊዳ የነርቭ ቱቦ ጉድለት ከሚባሉት አንዱ ነው፤ በአገራችን ከነርቭ ቱቦ ጉድለት ጋር የሚወለዱ ልጆች ቁጥር ከብዙ አገሮች ከፍ ያለ መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ከእርግዝና በፊትና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲወሰድ ይህን ጉድለት በእጅጉ ይቀንሳል። ዱቄት በፎሊክ አሲድ ይበልጽግ የሚለው ክርክር ከጀርባ ጥመት ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ግን በቀጥታ ይገናኛል።

ከሌላ ሕመም ጋር የሚመጡት

ሁለቱን ብቻ ላንሳ። ኒውሮፋይብሮማቶሲስ 1 የተባለው የዘር ሕመም ቆዳ ላይ ቡናማ ነጠብጣቦች ያሳያል። በአንዳንድ ታማሚዎች ጀርባ ላይ አጭርና ስለታም ኩርባ ያስከትላል፤ ከ4 እስከ 6 አከርካሪዎች ብቻ ይይዛል። የአከርካሪው ጠርዝ ከውስጥ የተቦረቦረ ይሆናል። የነርቭ መውጫ ቀዳዳዎች ይሰፋሉ። የጎን አጥንቶች እንደ እርሳስ ጫፍ ይቀጥናሉ። እነዚህን ምልክቶች ያየ ሐኪም ኩርባው በፍጥነት ሊብስ እንደሚችል ይጠብቃል። በብሬስ ጊዜ አያጠፋም።

ማርፋን በተባለው የተያያዥ ሕዋስ ሕመም ደግሞ ህብለ ሰረሰርን የሚሸፍነው ከረጢት ይሰፋና አጥንቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ፔዲክሎቹ ይሳሳሉ። ልጁ ረጅም፣ ጣቶቹ ቀጫጭን ከሆኑ ከጀርባው በፊት የልቡ ትልቁ የደም ቧንቧ መታየት አለበት።

ከስኮሊዮሲስ ጋር የሚምታታው የሳንባ ነቀርሳ

በእኛ አገር ጎባጣ የሚባል ልጅ ሁሉ ስኮሊዮሲስ የለበትም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ወደ አከርካሪም ይሄዳል። በአብዛኛው የሚያጠቃው የአከርካሪውን የፊት ክፍልና አጠገቡ ያለውን ዲስክ ነው። የፊቱ ሲፈርስ ጀርባው ወደ ፊት ይደፋል፤ ከኋላ ሹል ጉብታ ይወጣል። ጥመቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ፊት ነው። አጥንቱ ሽብልቅ ሆኖ አላደገም፤ ተበልቷል።

ልዩነቱ የሞት ሽረት ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ መድኃኒት አለው። ሳይታከም ከቆየ ህብለ ሰረሰሩን ተጭኖ እግር ያሽመደምዳል። የጀርባ ሕመም፣ የሌሊት ላብ፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ ያለበት ልጅ ጀርባው ጉብ ካለ ስለ ብሬስ ከማሰብ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ተመራማሪዎች የሚከራከሩበት

ስለ ኢዲዮፓቲኩ ዓይነት ለረጅም ጊዜ ሲነገር የቆየ አንድ ሐሳብ አለ። በእነዚህ ልጆች የአከርካሪው የፊት ክፍል ከኋላው በላይ ያድጋል፤ የኋላው አልከተል ሲለው ጀርባው ይጠማዘዛል የሚል ነው። በእርግጥም ሲለካ የፊቱ ርዝመት ከኋላው ይበልጣል። ደረታቸው ላይ ያለው ተፈጥሯዊ ኩርባም ጠፍቶ ጀርባቸው ጠፍጣፋ ይሆናል። ከዚህ ተነስተው ብዙዎች የበሽታው ሥር የአጥንት እድገት መዛባት ነው ብለው ነበር።

በኔዘርላንድስ ኡትሬክት ያሉ ተመራማሪዎች ነገሩን በሲቲ ስካን በሦስት አቅጣጫ ለኩት። በ2017 ያወጡት ጥናት ሁለት ነገር አሳየ። ትርፉ ርዝመት በአብዛኛው ያለው አጥንቱ ላይ ሳይሆን ዲስኩ ላይ ነው። ይህም በኢዲዮፓቲኩ ብቻ ሳይሆን በኒውሮመስኩላሩም ላይ በተመሳሳይ ሁኔታ ይታያል። ሁለተኛው ነጥብ ከባድ ነው። መነሻቸው ፍጹም የተለያየ ሁለት ሕመሞች አንድ ዓይነት ለውጥ ካሳዩ፣ ለውጡ የመነሻው ሳይሆን የጥመቱ ውጤት ሊሆን ይችላል። እንደ እነሱ አተያይ የሰው ጀርባ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም አንዳንድ አከርካሪዎች ወደ ኋላ ያዘነብላሉ። ያ ደግሞ የመጠምዘዝ አቅማቸውን ከፍ ያደርገዋል። ኢዲዮፓቲክ ስኮሊዮሲስ የሰው ልጅ ችግር የሆነውም ለዚህ ነው ይላሉ።

ሁሉም ግን አልተስማማም። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ዘር ትልቅ ድርሻ እንዳለው ያሳያሉ። በጃፓን ተካሂዶ በ2011 የታተመ ጥናት ኤልቢኤክስ1 ከተባለ ዘረመል አጠገብ ያለ ልዩነት ከበሽታው ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል፤ በሌሎች ሕዝቦችም ተደግሟል። የአጥንት ጥንካሬ ማነስን፣ የነርቭና የአጥንት እድገት አለመመጣጠንን የሚያነሱም አሉ።

እኔን የሚያሳምነኝ የመካከለኛው አቋም ነው። ጥመቱን የሚያስጀምረውና ጥመቱን የሚያባብሰው አንድ ነገር መሆን የለበትም። የመነሻው ጥያቄ ገና ክፍት ነው። የማባባሻው ዘዴ ግን በደንብ ታውቋል፤ ሕክምናው የቆመውም በእሱ ላይ ነው። ቦርሳና አቀማመጥን በተመለከተ ግን ክርክር የለም ማለት ይቻላል። ከባድ ቦርሳ ጀርባ ያሳምማል፤ ስኮሊዮሲስ እንደሚያስከትል ግን ማስረጃ አልተገኘም።

ሕክምናው ላይ ምን ይለውጣል?

ብሬስ ከጎን ጫና በመስጠት ጀርባን የሚደግፍ ጠንካራ የፕላስቲክ ልባስ ነው። በማደግ ላይ ባሉ የኢዲዮፓቲክ ታማሚዎች ላይ መሥራቱን በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደና በ2013 የታተመ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ብሬስ ካደረጉት 72 በመቶው ኩርባቸው 50 ዲግሪ ሳይደርስ እድገታቸውን ጨርሰዋል። ያለ ብሬስ ክትትል ብቻ ከተደረገላቸው ይህን ያገኙት 48 በመቶው ናቸው። ብዙ ሰዓት ያደረጉት ይበልጥ ተጠቅመዋል። ሌላኛውን ጎንም እናንብበው፤ ያለ ብሬስም ግማሽ ያህሉ ደህና ነበሩ። ስለዚህ ብሬስ ለሁሉም ልጅ አይታዘዝም። ብዙውን ጊዜ ኩርባው ከ25 እስከ 40 ዲግሪ ሆኖ እድገት ለሚቀረው ልጅ ነው።

ሄሚቨርቴብራ ያለበትን ልጅ ግን ብሬስ አይመልሰውም። በውስጡ ያለው አጥንት ጠንካራ ነው፤ የጫና ችግር ሳይሆን የአፈጣጠር ችግር ነው። እዚህ ላይ ሐኪሞች ገና በልጅነት ግማሹን አጥንት በቀዶ ጥገና ሊያወጡት ወይም አጭር ቦታ ላይ ሊያጣብቁት ይችላሉ። በጣም ትንንሽ ልጆች ላይ ረጅም ጀርባ ማጣበቅ ግን ደረትን ያሳጥራል። ሳንባ የሚያድግበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ እየተረዘመ የሚሄድ ብረት ይመረጣል። በኒውሮመስኩላሩ ብሬስ ለመቀመጥ ያግዛል እንጂ ኩርባውን ብዙም አያቆምም።

ልምምድስ? ሽሮት በሚል ስም የሚታወቀው ከጀርመን የመጣ የልምምድ ዘዴ ለቀላልና መካከለኛ ኩርባ እንደ ተጨማሪ ሕክምና ይሰጣል። የአተነፋፈስ፣ የጡንቻና የአቋም ጥቅም አለው። ማስረጃው ከብሬስ ያነሰ ነው። በወር ውስጥ ቀጥ አደርጋለሁ የሚለው ማስታወቂያ ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፤ ገንዘብም ጊዜም ያስበላል።

አዲሱ ዘዴ ከሁተርና ፎልክማን መርህ በቀጥታ የወጣ ነው። በኩርባው ውጭኛ ጎን ላይ ብሎኖች ገብተው በገመድ ይወጠራሉ። ያ ጎን እድገቱ ይዘገያል፤ ውስጠኛው ጎን እንዲደርስበት ዕድል ያገኛል። የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን በ2019 ለተወሰኑ ታዳጊዎች ፈቅዶታል። ገመዱ ሊበጠስ፣ ኩርባውም ከልክ በላይ ሊስተካከል ስለሚችል ክርክሩ አላበቃም። እድገቱን ለጨረሰ ልጅ ፈጽሞ አይጠቅምም።

ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ሲታለፍ ብዙውን ጊዜ አከርካሪዎችን እርስ በርስ ስለሚያጣብቅ ቀዶ ጥገና ይወራል። የፔዲክሉ ቅርጽ እዚህ ላይ ትልቅ ጉዳይ ይሆናል። ብሎኑ የሚያልፈው በእሱ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጎን ፔዲክሉ ቀጭን ነው፤ ህብለ ሰረሰሩም እዚያው ተጠግቶ አለ። የቀዶ ሐኪሙ ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይመርመሩ ወይ?

ጃፓንና ሆንግ ኮንግ ተማሪዎችን በትምህርት ቤት ይመረምራሉ። ብሪታንያ አይመከርም ትላለች። በአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና መካሪ ቡድኑ በ2004 ተቃውሞ ነበር፤ በ2018 ግን ለመምከርም ለመከልከልም በቂ ማስረጃ የለም ወደሚል አቋም መጣ። የአጥንት ሐኪሞች ማኅበራት በበኩላቸው ሴቶች በ10 እና በ12 ዓመታቸው፣ ወንዶች በ13 ወይም በ14 ዓመታቸው እንዲታዩ ይመክራሉ። የተቃዋሚዎቹ ሥጋት ቀላል አይደለም። ብዙ ጤነኛ ልጅ ይፈራል፣ ያለአስፈላጊው ራጅ ይነሳል።

ምርመራው ራሱ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። ልጁ እግሩን ገጥሞ፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ ወደ ፊት ጎንበስ ይላል። ከኋላ ቆሞ የጀርባው ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ማየት ነው። ሐኪም ማግኘት በሚከብድበት አገር ይህን ለወላጆችና ለመምህራን ማስተማር ያዋጣል ብዬ አምናለሁ።

በኢትዮጵያ ያለው እውነታ

ችግሩ በአብዛኛው የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። በአዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት የጀርባ ሕክምና ፕሮግራም የመሩት አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ በዚህ ሥራቸው ይታወቃሉ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ታማሚዎች በእሳቸው በኩል ወደ ጋና ዋና ከተማ አክራ ሄደው ታክመዋል። ሕክምናውን የመሩት ኦሄነባ ቦዋቺ-አጄይ የተባሉ ጋናዊ የጀርባ ቀዶ ሐኪም ናቸው። እዚያ የሚደርሱት ኩርባዎች በበለጸጉ አገሮች እምብዛም የማይታዩ ዓይነት ናቸው፤ ከ100 ዲግሪ ያለፉ አሉ። እንዲህ ባለው ኩርባ በቀጥታ መቁረጥ ህብለ ሰረሰሩን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ በራስ ቅል ላይ ቀለበት ታስሮ ጀርባው ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቀስ ብሎ ይሳባል። ቀዶ ጥገናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከእነዚህ ልጆች ውስጥ አብረውት የተወለዱ አሉ፣ በሳንባ ነቀርሳ የተጎዱ አሉ፣ ኢዲዮፓቲክ ሆነው ዓመታት ያለፉባቸውም አሉ። ከውጭ ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። በምስል ውስጥ ግን አንዱ የጎደለ አጥንት፣ ሌላው የተበላ አጥንት፣ ሦስተኛው ሽብልቅ ሆኖ ያደገ አጥንት ነው።

ራጅ የያዘ ወላጅ ሐኪሙን ከዲግሪው ሌላ ሦስት ነገር ቢጠይቅ ይጠቅመዋል። አጥንቱ ሲፈጠር የጎደለ ወይም የተጣበቀ አለው? ልጁ ስንት እድገት ይቀረዋል? ኤምአርአይ የሚያስፈልግበት ምክንያት አለ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ኩርባው ከ10 ዓመት በፊት ለታየበት፣ ደረቱ ላይ ወደ ግራ ለወጣ፣ ከባድ ሕመም ወይም የእግር ድካም ላለበት ልጅ አስፈላጊ ነው። የቀድሞውን ራጅም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል። የኮብ ልኬት እስከ 5 ዲግሪ ድረስ ሊሳሳት ስለሚችል፣ ኩርባው ጨመረ ወይም አልጨመረም የሚባለው ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ተደርገው በአንድ ሰው፣ በተመሳሳይ አከርካሪዎች ላይ ሲለኩ ነው።